ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች

በቤት ሽጉጥ ላይ የሚገጠመው የሌሊት ማነጣጠሪያ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

በሰሜን ቨርጂኒያ የጦር መሣሪያ ሱቆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቆሚያ አይገኝም። ሻጩ ከመስታወት ጠረጴዛው ሥር ሽጉጥ ያወጣል፤ ካዝናውን ይነቅላል፤ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ውስጡ ጥይት አለመኖሩን ለራሱም ለደንበኛውም ያሳያል። ከዚያ ትርኢቱ ይጀምራል። ማነጣጠሪያውን በሁለት መዳፉ ጋርዶ ደንበኛው በጣቶቹ መካከል አጮልቆ እንዲያይ ይጋብዘዋል። ያጮለቀ ሰው ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች ጎን ለጎን ተደርድረው ሲያበሩ ያያል። ባትሪ የላቸውም፤ ማብሪያ የላቸውም፤ ቻርጅ አይፈልጉም። ከዚህ በኋላ ከዋጋ በቀር ሌላ ጥያቄ የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ከገዢዎቹ መካከል ሐበሻም አይታጣም። የመጠጥ ሱቁን እኩለ ሌሊት ዘግቶ የዕለቱን ሽያጭ ይዞ የሚገባ ነጋዴ አለ፤ የጎረቤቱ በር ተሰብሮ ያደረበት አባወራ አለ፤ ባሏ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ከልጆቿ ጋር ብቻዋን የምታድር እናት አለች። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። አብዛኞቹ ሽጉጡን መርጠው ጨርሰዋል። የቀራቸው ጥያቄ ‹‹ሌሊት ብገደድ እንዴት አያለሁ?›› የሚል ነው።

ማነጣጠሪያው የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ነጥቦቹ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ይነግራሉ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ አይነግሩም። ሻጩ በመዳፉ በሠራት ጨለማ ውስጥ ይህ ልዩነት አይታይም፤ እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው የለምና።

ከሰዓት ፊት ወደ ሽጉጥ ጫፍ

ነጥቦቹን የሚያበራው ትሪቲየም የሚባል የሃይድሮጅን ዓይነት ነው። ኤርነስት ራዘርፎርድና ባልደረቦቹ በ1934 አገኙት (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ኋላም ለሃይድሮጅን ቦምብ ግብዓት ሆነ። የጠፈር ጨረር ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጭ በተፈጥሮም በጥቂቱ ይፈጠራል። በከባድ ውኃ የሚሠሩ የኒውክሌር ማብላያዎችም ያመነጩታል፤ በካናዳ ኦንታሪዮ የሚገኘው የዳርሊንግተን ጣቢያ ከውኃው ለይቶ የሚያወጣበት ተቋም አለው። ሽጉጥ ላይ የሚውለው መጠን ኢምንት ነው። ከሩዝ ፍሬ በቀጠነች የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይታሸጋል፤ የቱቦዋ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ዚንክ ሰልፋይድ ያለ የሚያበራ ዱቄት ተቀብቷል። ትሪቲየም እየፈረሰ ሲሄድ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑ ዱቄቱን ሲመታ ብርሃን ይወጣል። ቀን ከሌሊት፣ ማንም አየውም አላየውም፣ ይህ ሥራ አይቋረጥም።

‹‹ጨረር›› የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ ኋላ የሚሉ ደንበኞች አሉ። ለስጋታቸው ታሪካዊ መነሻ አለው። ከትሪቲየም በፊት የሰዓት ፊት የሚቀባው በራዲየም ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ ከተማ በነበረው የአሜሪካ ራዲየም ኮርፖሬሽን ፋብሪካ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ቁጥሮቹን ይቀቡ ነበር። መንጋጋቸው ተበላ፣ አጥንታቸው ተሰበረ፣ ብዙዎቹ ሞቱ። ከእነርሱ አምስቱ የመሠረቱት ክስ በ1928 በስምምነት ተዘጋ፤ የሠራተኛ ጤና ሕግም ከዚያ ወዲያ መልኩ ተለወጠ።

ትሪቲየም የተመረጠው ይህን አደጋ ለማስቀረት ነው። ጨረሩ ደካማ ስለሆነ ከመስታወቱ አልፎ አይወጣም፤ ቆዳም አይበሳም። ቱቦው ቢሰበር መስኮት ከፍቶ ክፍሉን ማናፈስ ነው የሚመከረው። የአሜሪካ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽንም አምራቹን ፈቃድ ሲጠይቅ ገዢውን አይጠይቅም። ግሊን ቢንደን በ1981 ሚሺገን ውስጥ የመሠረተው የማነጣጠሪያ ኩባንያ ትሪጂኮን በዚህ ጋዝ ስሙን ተከለ። የእስራኤሉ ሜፕሮላይትም እንዲሁ፤ በእስራኤል ጦር ያገለገሉ ቤተ እስራኤላውያን የዚህን ኩባንያ ማነጣጠሪያ ከጠመንጃቸው ላይ ያውቁታል።

ሻጩ ብዙ ጊዜ የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ጋዙ በየ12 ዓመት ከጥቂት ወሩ ግማሹ ያልቃል። ዛሬ ደምቆ የሚታየው ነጥብ ከ25 ዓመት በኋላ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ዱቄቱም አብሮ ስለሚደክም በተግባር ከዚያ ይፈጥናል። ሳጥኑ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ የቆየ ማነጣጠሪያም በየቀኑ ከተተኮሰበት እኩል ያረጃል። ስለዚህ ያገለገለ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ‹‹አዲስ ነው ወይ?›› ከማለት ይልቅ ቱቦው የተመረተበትን ዓመት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ጨለማ ውስጥ ያለ ዓይን

ከብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይን የሚላመደው በሁለት ደረጃ ነው። ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን የሚለዩት ህዋሳት በአስር ደቂቃ ገደማ አቅማቸው ላይ ይደርሳሉ። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ሌሎቹ ግን ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ለእነዚህኞቹ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው፤ ቫይታሚኑ ያነሰው ሰው ዳፍንት የሚይዘው ለዚህ ነው። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ዓይኑ ጨለማውን ለምዶ ስለቆየ አንድ ብልጫ አለው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ስልኩን ካበራ ግን ያን ብልጫ ያጣዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። አተኩረን የምናይበት የዓይናችን ማዕከል በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ህዋሳት የሉትም። ፈዛዛ ኮከብ በቀጥታ ሲያዩት የሚጠፋው፣ ወደ ጎን ሲሉ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ኮሪደር ላይ ጥላ አይቶ ያፈጠጠበት ሰው ጥላው ይጠፋበታል፤ ዓይኑን ዘወር ሲያደርግ እንደገና ብቅ ይልበታል። የፈራ ሰው ይህን ‹‹ተንቀሳቀሰ›› ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። ከባሩድ ብልጭታ በኋላ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ላያይ ይችላል።

አምራቾች አረንጓዴን የሚያዘወትሩት የሰው ዓይን በዚያ ቀለም አካባቢ ላለ ብርሃን ይበልጥ ስለሚነቃ ነው። ቀይ በምሽት ቀድሞ ይጨልማል፤ ቼኩ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንየ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አበቦችን እያየ ያስተዋለው ይኸው ነው። ስለዚህ ‹‹ብርቱካናማው ያምራል›› ብሎ ለኋለኛው ነጥብም ለፊተኛውም ብርቱካናማ መምረጥ ለዓይን ውበት እንጂ ለሌሊት አይሆንም።

*ነጥቦቹ ደምቀው የሚታዩበት ጨለማ፣ ሰውን ለይቶ ለማወቅ የማይቻልበት ጨለማም ነው።*

ጠባቡ ክፍተት

ነገሩን በቤት ውስጥ ማሰብ ይበጃል። የሳሎኑ መብራት በርቶ ከሆነ አረንጓዴዎቹ ነጥቦች በብርሃኑ ስለሚዋጡ ማንኛውም በደንብ የተቀባ ማነጣጠሪያ ይበቃል። ድቅድቅ ጨለማ ከሆነ ነጥቦቹ ያበራሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ግን ጥቁር ነው፤ የማይታይ ነገር ላይ ማነጣጠር ደግሞ አይቻልም። የእጅ ባትሪ ከበራ ማነጣጠሪያው በበራው ግድግዳ ላይ እንደ ጥቁር ጥላ ጎልቶ ይታያል፤ ትሪቲየም ኖረ አልኖረ ያኔ ለውጥ የለውም።

የሚቀረው መሐል ያለው ክፍተት ነው። ባለቤቱ ጨለማ መኝታ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ማዶ ያለው ሰው በኩሽና መብራት ወይም በመጋረጃ ሾልኮ በገባ የመንገድ መብራት ተለይቶ ሲታይ፣ ያኔ ብረቱ በጨለማው ጠፍቶ ነጥቦቹ ብቻ ይቀራሉ። ማነጣጠሪያው ዋጋውን የሚመልሰው በዚህች ክፍተት ነው። ክፍተቷ እውነተኛ ናት፤ ጠባብ መሆኗን ግን ከሱቁ ማንም አይነግርም።

በዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። በሌሊት ፈረቃ የኖሩ የቀድሞ ፖሊሶች ባትሪ የማያልቅበትን ነገር ያምናሉ፤ ‹‹ካልጠቀመ አይጎዳ›› ባዮች ናቸው። ሲቪሎችን የሚያሠለጥኑ አስተማሪዎች በአመዛኙ ገንዘቡ መጀመሪያ ለጥሩ የእጅ ባትሪ ይውጣ ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ያለው ነው።

‹‹ማነው?››

በየካቲት 14 ቀን 2013 ሌሊት ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ውስጥ ሯጩ ኦስካር ፒስቶሪየስ በተዘጋ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ አራት ጊዜ ተኩሶ ፍቅረኛውን ሪቫ ስቴንካምፕን ገደለ። ሌባ የገባ መስሎኝ ነው ብሎ ተከራከረ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በቸልተኝነት መግደል ነው አለ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2015 ወደ ነፍስ ግድያ ቀየረው። የይግባኙ ዳኞች አመክንዮ ከዚህ ጽሑፍ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፦ ከበሩ ጀርባ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ ሰው እንደሚሞት እያወቀ ተኩሷል። በሩን አልፎ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ የለም። በ2023 ሚዙሪ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ወንድሞቹን ሊወስድ ሄዶ የተሳሳተ ቤት ደወል የደወለን የ16 ዓመት ልጅ የ84 ዓመቱ አዛውንት በበሩ መስታወት በኩል ተኩሰው አቆሰሉት።

ጄፍ ኩፐር በ1976 አሪዞና ውስጥ የሽጉጥ ትምህርት ቤት የከፈቱ የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን ነበሩ። በስማቸው የሚታወቁት አራት የጥንቃቄ ደንቦች ዛሬ በየማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ አሉ፤ አራተኛው ዒላማህንና ከጀርባው ያለውን እወቅ ይላል። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ደግሞ በአብዛኛው ቀጭን የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። ጥይት ሁለት ክፍል አልፎ ሊሄድ ይችላል።

አሁን የሐበሻን ቤት እናስብ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉም በአንድ ሰዓት ተኝቶ በአንድ ሰዓት አይነሳም። የፓርኪንግ ሠራተኛው አጎት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይገባል። ታክሲ የሚነዳው ወንድም አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል። ከአገር ቤት ለአራስ ጥየቃ የመጡት እናት ሰዓቱ ስለተዛባባቸው ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መብራት ማብራት ሰው መቀስቀስ ይሆናል ብለው በጨለማ ኩሽና ውስጥ ውኃ ሲፈልጉ ይገኛሉ። በሁዳዴ ለኪዳን የሚነሳ አለ፤ በረመዳን ለሱሁር የሚነሳ አለ። ምድር ቤቱን የተከራየ ልጅ ቁልፍ ረስቶ በጓሮ በር ይታገላል። በእንዲህ ያለ ቤት ኮሪደር ላይ ሌሊት የሚታይ ጥላ ሌባ ከመሆኑ ይልቅ ዘመድ የመሆኑ ዕድል በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

*ጥላው ሌባ ከመሆኑ ይልቅ ዘመድ የመሆኑ ዕድል በብዙ እጥፍ ይበልጣል።*

አሠልጣኞች የሚመክሩት ቅደም ተከተል ጀግንነት የለበትም። ልጆችን ወደ አንድ ክፍል ሰብስቦ በሩን መቆለፍ፣ 911 መደወል፣ እዚያው ሆኖ መጠበቅ፣ ጮክ ብሎ ‹‹ማነው?›› ማለት። በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ ቤተሰብ በሚመልስበት ቋንቋ። ‹‹እኔ ነኝ›› የሚለውን የታወቀ ድምፅ የሚተካ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም።

የእጅ ባትሪም የራሱ ክርክር አለው። ከሽጉጡ አፈሙዝ ሥር የሚታሰረው ባትሪ ሁለት እጅን ለሽጉጡ ነፃ ያደርጋል። ችግሩ ለማየት ያበራ ሰው አፈሙዙንም አብሮ ማዞሩ ነው፤ ውኃ ፍለጋ የወጡት እናት ላይ ሽጉጥ ተደግኗል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያለው ሰው እንኳ የሚፈትሸው በእጅ በያዘው ባትሪ ቢሆን ይመረጣል። ባትሪው ተጭኖ ሲያዝ ብቻ የሚበራ፣ ሲለቀቅ የሚጠፋ ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ የእጅ ባትሪዎች ላይ ያለው ብልጭ ድርግም የሚል ሁነታ ግን ለማስታወቂያ እንጂ ለመኝታ ቤት አይጠቅምም።

እንግዲህ ከተመረጠ

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም የሌሊት ማነጣጠሪያ የሚፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው፤ ምርጫውም ከንቱ አይደለም። እንዲያውም ዋናው ጥቅሙ ሌሊት ላይሆን ይችላል። በርካታ ሽጉጦች ከፋብሪካ ሲወጡ ማነጣጠሪያቸው ርካሽ ነው፤ የግሎክ የታወቀው የፕላስቲክ ማነጣጠሪያ ከጠንካራ ነገር ጋር ቢጋጭ የሚጎዳ ዓይነት ነው። የብረት ምትኩ በቀንም ይሻላል።

የተለመደው ስህተት እኩል የሚያበሩ ሦስት ነጥቦችን መግዛት ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ለዓይን ስለሚቀርቡ ከፊተኛው ደምቀው ይታያሉ፤ የተጣደፈ ሰው ደግሞ ከሦስቱ የትኛው የፊተኛው እንደሆነ ሊምታታበት ይችላል። ጫፉ ከኋለኛው ጎድጓድ ወጥቶ ሳለ ነጥቦቹ በመስመር የተሰለፉ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ዓይን በራሱ ጊዜ ወደ ፊት እንዲሄድ የፊተኛው ጎላ ያለ፣ የኋለኛው የደበዘዘ ወይም ጭራሹን ጥቁር ቢሆን ይመረጣል። በፊተኛው ቱቦ ዙሪያ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ቀለበት ያለበት ዓይነት ለዚህ የተሠራ ነው፤ ቀለበቱ ለቀን፣ ቱቦው ለሌሊት። ፋይበር ኦፕቲክ የሚባለው ፕላስቲክ ዘንግ ቀን ላይ እጅግ ይደምቃል፤ ብርሃን ካላገኘ ግን ይሞታል፤ ዘንጉም በቀላሉ ይሰበራል። ብርሃን ጠጥቶ የሚያበራው ቅብ መሳቢያ ውስጥ ያደረ እንደሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ምንም አይቀረውም።

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ቅርብ ነገር ማንበብ ያስቸገረው ዓይን የሽጉጡን ጫፍም በግልጽ አያይም። ለእርሱ ወፍራም የፊት ነጥብ ይሻላል። በዚህ ምክንያት ባለፉት ዓመታት ሽጉጥ ላይ የሚገጠም ባለ ቀይ ነጥብ መስታወት ተስፋፍቷል፤ ዓይን ዒላማው ላይ እንዳተኮረ ነጥቡ እዚያው ይታያል። ባትሪ ይፈልጋል፤ ዋጋው ከትሪቲየሙ በብዙ ይልቃል፤ በተለይ ነጥቡን ቶሎ ለማግኘት ልምምድ ይጠይቃል። በዓመት አንዴ ለማይተኩስ ሰው አልመክረውም።

ወረቀቱና ቁልፉ

ዋሽንግተን ዲሲ ከ1976 ጀምሮ የሽጉጥ ባለቤትነትን ከልክላ ቆይታ ነበር። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከስሶ ጉዳዩ ሰኔ 26 ቀን 2008 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተወሰነ፤ ራስን በቤት ውስጥ ለመከላከል ሽጉጥ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ተባለ። ከከተማዋ ድንበር ማዶ ደንቡ ይለያል። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት የጣት አሻራና የአራት ሰዓት ሥልጠና የሚጠይቅ ፈቃድ አላት። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው መያዝ ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ክልክል ነው። ሊጠይቅ የመጣ የእህት ልጅ እጅ ላይ ሽጉጥ ማስያዝ ስንቱን ጣጣ እንደሚያመጣ ብዙ ቤተሰብ አያውቅም።

አገር ቤት የአባቱ ምንሽር ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እያየ ያደገ ሰው መሣሪያ ለመቆለፍ ያመነታል፤ ቁልፉን ስፈልግ ሌባው ይቀድመኛል ይላል። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ ግን ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤት ውስጥ የተከዘ ጎረምሳ ካለ አደጋው በበር ከሚገባው ይልቅ ከውስጥ ያለው ነው። በጨለማ በጣት ዳብሶ የሚከፈት፣ ከአልጋው ወይም ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ትንሽ ሣጥን ዋጋው ከማነጣጠሪያው ብዙም አይርቅም። በሻጩ ጠረጴዛ ላይ ግን አያበራም፤ ስለዚህ ትርኢት አይሠራለትም።

ከጠጋኙ ጠረጴዛ

ገጠማው አጭር ነው። የኋለኛው ማነጣጠሪያ ብረቱ ላይ በተፈለፈለ ሰያፍ ቦይ ውስጥ በጥብቅ ይገባል፤ የመሣሪያ ጠጋኙ በመግፊያ ማሰሪያ እየጠመዘዘ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጎን ያስኬደዋል። በመዶሻ የሞከሩ ሰዎች ቱቦውን ሰብረው ይመጣሉ። የፊተኛው እንደ ሽጉጡ ዓይነት በትንሽ ብሎን ከሥር ይታሰራል። ከዚያ መለማመጃ ቦታ ሄዶ ጥይቱ በትክክል የሚያርፍበትን ማየት ያስፈልጋል፤ መብራት ቀንሰው የሚያለማምዱ ቦታዎችም አሉ፤ ነጥቦቹ በእጅ ባትሪ ብርሃን እንዴት እንደሚጠፉ በዓይን የሚታየው እዚያ ነው።

የደበዘዘ ቱቦ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም፤ ወደ አምራቹ ይመለሳል። ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶ ሊያስቀይር የሚመጣው ደንበኛ ብዙ ጊዜ መነጽር አድርጎ ነው። ጠጋኙ የቀለም ካታሎጉን ወደ ጎን ትቶ ‹‹ጫፉን ታየዋለህ ወይስ አታየውም?›› ብሎ ይጀምራል።